የአሮጌ መኪና የፊት መብራት ሲያስቸግር፦ ችግሩን ከባትሪ እስከ አምፖል ተከትሎ ማግኘት

አሮጌ መኪና ያለው ሰው የፊት መብራቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "አምፖል ቀይር" የሚል ነው። አምፖል ይቀየራል። ለጥቂት ጊዜ ደህና ይመስላል። ከዚያ ተመልሶ ይደበዝዛል፣ ወይ አንዱ ጎን ጭራሽ ይጠፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ደግሞ "100 ዋት ግጠምበት" ነው። ይሄኛው አደገኛ ነው። ለ55 ዋት የተሠራ አሮጌ ሽቦ እና ሶኬት ያንን ጭነት አይችልም። ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል።

በአሮጌ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው አምፖሉ ላይ ሳይሆን መስመሩ ላይ ነው። የዛገ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት ማሰሪያ)፣ የላላ ሶኬት፣ የተቃጠለ የማብሪያ ኮንታክት። እነዚህ ደግሞ በግምት አይገኙም፤ ተለክተው ነው የሚገኙት።

ለምሳሌ የምወስደው ሁለት መኪና ነው፦ ዲኤክስ ኮሮላ እና ቮልስዋገን። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱም ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ሁለቱን የመረጥኩት ግን የፊት መብራት አሠራራቸው ተቃራኒ ስለሆነ ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ቶዮታ ላይ ቀኑን ሙሉ ሊደክም ይችላል። ኋላ ላይ በደንብ እንመጣበታለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ ትንሽ ቫዝሊን፣ ሁለት ሦስት ሜትር ቁራጭ ሽቦ። በዚህ ላይ አንድ መሞከሪያ አምፖል ሥሩ። የፍሬቻ አምፖል፣ ማለትም 12 ቮልት 21 ዋት የሆነውን፣ ከነመያዣው ወስዳችሁ ሁለት ረዘም ያሉ ሽቦዎች ማሰር በቂ ነው።

ቴስተር እያለ አምፖሉ ለምን ያስፈልጋል? ቴስተር ከመስመሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ከውስጡ አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦ እንኳን ቴስተር ላይ 12 ቮልት ያሳያል። 21 ዋቱ አምፖል ግን ወደ 2 አምፔር ይስባል። ሽቦው የታመመ ከሆነ አምፖሉ ይደበዝዛል ወይም አይበራም። ብዙ ሰው "ቮልቱ አለ፣ ግን መብራቱ አይሠራም" እያለ ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽቦ ከመቁረጣችሁ ወይም ከመበየዳችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ለመለካት ግን ባትሪው መታሰር አለበት።

1. ከመንካታችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡ

መኪናውን ከግድግዳ ፊት አቁሙና አጭሩን፣ ረጅሙን፣ ፓርኪንጉን፣ ፍሬቻውን ተራ በተራ አብሩ። ምን እንደምታዩ ጻፉት። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚቀንሰው ልፋት ግን ብዙ ነው።

ሁለቱም ጎን አጭር መብራት ጠፍቶ ረጅሙ የሚሠራ ከሆነ አምፖሎቹን እርሷቸው። ሁለት አምፖል በአንድ ቀን አጭሩን ብቻ መርጦ አይቃጠልም። ችግሩ ያለው ከረጅምና አጭር መቀየሪያው አካባቢ ነው። ሁለቱም ጎን ረጅሙም አጭሩም ከጠፋ፣ ከዋናው ማብሪያ፣ ከሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ከባዱን ጭነት የሚያበራ ማብሪያ) ወይም ከዋናው መስመር ጀምሩ። አንድ ጎን ብቻ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ የዚያን ጎን ፊውዝ፣ ማሳ እና ሶኬት ተመልከቱ። አንድ ጎን አጭሩ ብቻ ከጠፋ አምፖሉ ራሱ ሊሆን ስለሚችል ከሌላው ጎን ጋር አቀያይራችሁ ሞክሩ።

ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ማሳ ነው። ብዙም አትጠራጠሩ። ፍሬቻውና የፊት መብራቱ በአንድ የደከመ ማሳ ላይ እየተጋፉ ነው።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያደናግረው ምልክት ደግሞ ይሄ ነው፦ አጭር መብራት ሲበራ አንዱ ጎን ቀላ ብሎ ደብዝዞ ይበራል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ የረጅም መብራት ምልክትም ትንሽ ብቅ ትላለች። ኤሌክትሪኩ በትክክለኛው መንገድ መሄድ ሲያቅተው በሦስት የአምፖል ክሮች ውስጥ ተጠማዞ ሲያልፍ የሚፈጠር ነው። ቮልስ ላይ ይህ ሲታይ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የአንዱን ጎን ማሳ ነው። ቶዮታ ላይ ደግሞ የአንዱ ጎን ፊውዝ መቃጠሉን ነው። ምልክቱ አንድ፣ ምክንያቱ ግን ለየቅል።

2. ባትሪ እና ዲናሞ

ሞተሩ ጠፍቶ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ወደ መብራቱ ከመሄዳችሁ በፊት ቺንጋውን እና ዲናሞውን አስተካክሉ። የድሮ ዲናሞ ያለው ቮልስ በሚኒሞ ላይ በደንብ አይሞላም። ስለዚህ ነዳጅ ረገጥ አድርጋችሁ ለኩ። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል በፊት የተሠሩት ቮልሶች ከፋብሪካ ሲወጡ 6 ቮልት ናቸው። ያልተቀየረ 6 ቮልት መኪና ከሆነ እዚህ የምሰጣቸው ቁጥሮች አይሠሩም።

የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፣ አጥብቁ፣ ቫዝሊን ቀቡ።

3. ፊውዝ

ፊውዝን በዓይን አይታችሁ ደህና ነው አትበሉ። ነቅላችሁ በቴስተር ሞክሩ። ፊውዙ ደህና ሆኖ የሚይዘው ብረት ዝጎ ከሆነም ያው አይሠራም።

ቮልስ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ፊውዞቹ ከላይ የብረት ቅጠል ያላቸው ሴራሚክ ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር። የሚይዛቸው ምላስ በጊዜ ብዛት ይላላል፣ ይጠቁራል። ፊውዙን በጣታችሁ ስታሽከረክሩት መብራቱ ከመጣ ችግሩን አገኛችሁት። ምላሶቹን በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፣ በቀስታ ወደ ውስጥ እጠፏቸው፣ ፊውዞቹንም በአዲስ ቀይሩ። ብዙዎቹ ቮልሶች ለግራ አጭር፣ ለቀኝ አጭር፣ ለግራ ረጅም፣ ለቀኝ ረጅም የተለያየ ፊውዝ ስላላቸው የትኛው የትኛውን እንደሚያበራ አንድ ጊዜ ለይታችሁ ክዳኑ ላይ ጻፉት።

ዲኤክስን ጨምሮ ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ፊውዙ የሚከፋፈለው በግራና በቀኝ ነው። አንድ ፊውዝ ሲቃጠል የዚያ ጎን ረጅሙም አጭሩም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምናችሁ። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብርወረቀት ወይም የመዳብ ሽቦ አትጠቅልሉ። ፊውዙ የተቃጠለው የሆነ ቦታ ሽቦ ቦዲ ስለነካ ሊሆን ይችላል። ፊውዙን ስታታልሉት የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ሽቦው ደግሞ የሚሄደው ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከእግራችሁ በላይ ነው። አዲስ ፊውዝ ወዲያው ደጋግሞ ከተቃጠለ የሁለቱንም ጎን አምፖል ሶኬት ንቀሉና እንደገና ሞክሩ። ሶኬቶቹ ተነቅለውም ከተቃጠለ ሽቦው መሐል ላይ ሾርት አለ ማለት ነው። ፓርፋንጎ ውስጥ የሚያልፍበትን የጎማ ቀለበት መጀመሪያ እዩ። ጎማው ደርቆ ሲወድቅ የላሜራው ጠርዝ ሽቦውን ይልጠዋል።

4. ቶዮታ ወይስ ቮልስ? እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት ባለ ሦስት እግር አምፖል ነው፤ ኤች 4 የሚባለው፣ አጭሩ 55 ዋት፣ ረጅሙ 60 ዋት። አንዱ እግር የጋራ ነው። ሁለተኛው አጭር፣ ሦስተኛው ረጅም።

ቮልስ ላይ የጋራው እግር ማሳ ነው፣ ቡናማ ሽቦ። ፖዘቲቩ በቢጫው ሲመጣ አጭሩ ይበራል፣ በነጩ ሲመጣ ረጅሙ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አሠራር ይሄ ነው።

ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። መብራቱ ሲበራ የጋራው እግር ላይ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው። በመሪው ላይ ያለው መቀየሪያ የሚያደርገው ደግሞ የአጭሩን ወይም የረጅሙን ሽቦ ከማሳ ጋር ማገናኘት ነው። ማለትም መቀየሪያው የሚቆጣጠረው ማሳውን እንጂ ፖዘቲቩን አይደለም። ሂሉክስ እና አሮጌ ላንድክሩዘር ላይም ይሄው አሠራር ያጋጥማችኋል።

ይህን የማያውቅ ሰው ቶዮታ ላይ ምን ያደርጋል? የመሞከሪያ አምፖሉን አንድ ጫፍ ቦዲ ላይ ያስርና በሌላው ጫፍ የአጭሩን ሽቦ ይነካል። አይበራም። "ፖዘቲቭ አልመጣም" ብሎ ከዋናው ማብሪያ ጀምሮ ሽቦ መፍታት ይጀምራል። ሽቦው ግን ምንም አልሆነም፤ እዚያ ቦታ ፖዘቲቭ መምጣት የለበትም።

መኪናችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሁለቱንም ጎን የፊት መብራት ሶኬት ንቀሉ፣ መብራቱን አብሩ። የመሞከሪያ አምፖሉን አንድ ጫፍ ቦዲ ላይ አድርጋችሁ የአንዱን ሶኬት ሦስቱንም ቀዳዳዎች ንኩ። ከዚያ በአጭርና በረጅም መካከል እየቀያየራችሁ ድገሙት። ፖዘቲቩ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ከሆነ አሠራሩ የቮልስ ዓይነት ነው። አጭርም ሆነ ረጅም ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሳይለወጥ የሚያበራ ከሆነ የቶዮታ ዓይነት ነው። ያቺ ቀዳዳ የጋራዋ ናት። አሁን የመሞከሪያ አምፖሉን በጋራው እና በአጭሩ መካከል አድርጉ። አጭር ላይ ስታደርጉ ከበራ መስመሩ ሙሉ ነው፤ አምፖሉን ቀይሩ። ካልበራ ደግሞ የጠፋው ማሳው ነው፣ ወደ መቀየሪያው ሂዱ።

5. የሚጠፋውን ቮልት መለካት

መብራቱ ጭራሽ ካልጠፋ ግን ከደበዘዘ፣ ትክክለኛው መልስ የሚገኘው እዚህ ነው። አምፖሉ ተሰክቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ ነው የሚለካው። ሶኬቱን ነቅላችሁ የምታነቡት ቁጥር አይጠቅማችሁም።

ቴስተሩን ቀጥታ ቮልት ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ ፖዘቲቭ በሚመጣበት የአምፖሉ እግር ላይ፣ ከሶኬቱ ጀርባ አስገብታችሁ ንኩ። የሚወጣው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። እስከ 0.5 ድረስ ይታለፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ መስመሩ ታሟል። ከዚያ ማሳውን ለኩ፦ ጥቁሩ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩ በአምፖሉ ማሳ እግር ላይ። እዚህ ከ0.2 በላይ መሆን የለበትም። ቶዮታ ላይ ይህ መንገድ መቀየሪያውንም ስለሚያካትት ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ ከ0.5 ካለፈ ግን ዝም አትበሉት። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ የቴስተሩን ጫፍ በቁራጭ ሽቦ አስረዝሙ።

ይህ ሁሉ ለዚያች ትንሽ ቁጥር ነው ወይ እንዳትሉ። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም። ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል። ባትሪው ላይ 13.8 ሆኖ አምፖሉ ላይ 12.4 ብቻ ከደረሰ፣ የመንገዱን ሲሶ ብርሃን ሽቦው በልቶታል። ማታ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ለገባ፣ ወይም የኋላ መብራት የሌለው አይሱዙ ከፊቱ ለቆመ ሹፌር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የጠፋው ቮልት ብዙ ከሆነ የጥቁሩን ጫፍ ከአምፖሉ ወደ ባትሪው ደረጃ በደረጃ አቅርቡ፦ ሪሌይ፣ ፊውዝ ሳጥን፣ ማብሪያ። ቁጥሩ በድንገት የወረደበት ቦታ ያ ነው የታመመው። እሱን ብቻ ጠግኑ።

6. ማሳውን ማደስ

የፊት መብራት ማሳ ብዙውን ጊዜ ከመብራቱ አጠገብ ቦዲው ላይ በአንዲት ብሎን ታስሯል። ብሎኗን ፍቱ። ሽቦው ጫፍ ላይ ያለውን ቀለበት እና የቦዲውን ላሜራ ሁለቱንም እስኪያበሩ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ። ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ የታሰረ ማሳ ማሳ አይደለም። መኪናው ቦዲ ሠርቶ ቀለም ከተቀባ በኋላ መብራቱ የደከመ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ይሄንን ነው፤ ቀለም ቀቢዎች ይህን አያጸዱም። አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀቡ፣ ክረምት ሲመጣ ውኃ እንዳይገባበት።

ከባትሪው ወደ ቦዲ እና ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄዱትን ወፋፍራም ማሳዎችም አብራችሁ እዩ።

7. ሶኬት፣ ማብሪያ እና መቀየሪያ

የሶኬቱ ፕላስቲክ ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ ማጽዳት አይበቃም፣ ይቀየር። አንዴ የጋለ ብረት ይላላል፣ የላላ ብረት ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ሶማሌ ተራ ላይ ስትገዙ የሴራሚኩን ጠይቁ፣ ሽቦዋ የወፈረችውን ምረጡ።

ማብሪያውን ለመፈተን ጀርባውን በእጃችሁ ንኩ። መብራቱ ለተወሰነ ጊዜ ከበራ በኋላ ትኩስ ከሆነ ውስጡ ተቃጥሏል። የቶዮታ መሪ ላይ ያለው መቀየሪያ ሊፈታ ይችላል፤ ውስጡ ያሉት የመዳብ ነጥቦች ጠቁረው ታገኟቸዋላችሁ። በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ተጠርገው ለጊዜው ይመለሳሉ። ዘላቂው መፍትሔ ግን ቀጥሎ ያለው ሪሌይ ነው። ቮልስ ላይ ቀደም ያሉት በእግር የሚረገጥ መቀየሪያ አላቸው፣ ጭቃና ውኃ ይገድለዋል። የኋለኞቹ ደግሞ ለመቀየሪያው የራሱ ሪሌይ አላቸው። መቀየሪያውን ስትስቡ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ከሌለ ሪሌዩን ፈልጉ።

8. ሪሌይ መጨመር

ለአሮጌ መኪና መብራት ከዚህ የተሻለ ውለታ ያለ አይመስለኝም። ሁለት አምፖል አጭር ላይ 9 አምፔር ገደማ፣ ረጅም ላይ 10 አምፔር ይስባል። ይህን ሁሉ በስስ ሽቦ ዳሽቦርድ ድረስ አዙሮ ከማምጣት፣ አሮጌው መስመር ሪሌዩን ብቻ ይቀስቅስ፤ ከባድ ጭነቱን አዲስ አጭር መስመር ይሸከም።

ሁለት ባለ 30 አምፔር ሪሌይ ግዙ፣ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም። እግሮቹ ላይ 30፣ 85፣ 86 እና 87 ተጽፏል። ከባትሪው ፖዘቲቭ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አውጥታችሁ፣ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ 20 አምፔር ፊውዝ አስገቡ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱም 30። ቮልስ ላይ መንገዱ ረጅም ስለሆነ 4 ካሬ ይሁን። ከ87 ወደ አምፖሎቹ 1.5 ካሬ ይበቃል። የአምፖሎቹን የጋራ እግር በአዲስ ሽቦ ከጸዳ ቦዲ ጋር እሰሩ።

መቀስቀሻው እንዲህ ነው። ከአንዱ ጎን የነቀላችሁትን አሮጌ ሶኬት ውሰዱ። የጋራውን ሽቦ ወደ ሁለቱም ሪሌዮች 86፣ የአጭሩን ሽቦ ወደ አጭሩ ሪሌይ 85፣ የረጅሙን ወደ ረጅሙ 85። ይህ አሠራር ቶዮታም ሆነ ቮልስ ላይ ይሠራል፣ ምክንያቱም ሪሌዩ የትኛው ጫፍ ፖዘቲቭ እንደሆነ አይመርጥም። ውስጡ ዳዮድ ያለበት ሪሌይ ግን ይመርጣልና ተራውን ግዙ። የሌላውን ጎን ሶኬት በናስትሮ ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ወደፊት ሊያስፈልግ ይችላል።

ሽቦ ስታገናኙ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ብቻ አይበቃም። በእርሳስ ይበየድ ወይም በትክክለኛ መጭመቂያ ይጨመቅ፣ ከዚያ ይሸፈን። ከጭስ ማውጫ እና ከሚሽከረከር ነገር አርቃችሁ እሰሩ።

9. አምፖሉን መግጠም እና አቅጣጫውን ማስተካከል

የሃሎጅን አምፖል መስተዋቱን በጣት አትንኩ። ከነካችሁ በአልኮል ጥረጉት፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ይግልና ዕድሜው ያጥራል። ርካሽ ኤልኢዲ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ መክተትን አልመክርም። ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል፣ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል።

ጎማዎቹ በልካቸው ተነፍተው፣ መኪናውን ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። የመብራቱን መሐል ከፍታ ከመሬት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ማስተካከያ ብሎኖቹ መብራቱ ጠርዝ ላይ ናቸው።

ከጃፓን የመጣ ያገለገለ የፊት መብራት ከገጠማችሁ ደግሞ ጠርዙ ወደየት እንደሚያቀና እዩ። ጃፓን የሚነዳው በግራ ስለሆነ የአጭሩ ብርሃን በግራ በኩል ከፍ ይላል። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው። ያ ከፍታ ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ በብሎን ደግሞ አይስተካከልም። ለቀኝ መንገድ የተሠራውን ፈልጋችሁ ቀይሩ፤ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡም ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ይሄ የብርሃን አቅጣጫ ነው።